72 ሰዓት፣ 90 ቀን

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እየተቀበሉ ነው። ከኋላቸው ሁለት የማይተዋወቁ ወጣቶች ተራ ይዘዋል። ተራው የልጅቷ ሲሆን ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ፖስትፒል አለ?» ትላለች። ፋርማሲስቷ «መቼ ነው የሆነው?» ብላ ትጠይቃታለች። «ቅዳሜ ማታ። ሦስት ቀን አልሞላውም አይደል?» ትከፍላለች፣ መድኃኒቱን ቦርሳዋ ውስጥ ትከትታለች፣ ትወጣለች። ወጣቱ ቤቱ ባዶ እስኪሆን ይጠብቅና «አንድ ጓደኛዬ ነው፤ ሲሸና ያቃጥለዋል። ሲፕሮ ነገር ቢሰጡኝ» ይላል።

ይህ የአንድ ፋርማሲ ወይም የአንድ ሰኞ ታሪክ ሆኖ አይቀርም። በአዲስ አበባም ሆነ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዳማ ከባንኮኒ ጀርባ ለዓመታት የቆመ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ንግግር ነው።

ልጅቷ ስለ እርግዝና የያዘችው ስሌት ትክክል ነው። በፖስትፒል ውስጥ ያለው ሊቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በቶሎ በተወሰደ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። የከተማ ወጣት ይህን ከጓደኛ፣ ከራዲዮ፣ ከፋርማሲ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ሆኖም በዚያው ቅዳሜ ማታ አብሮ መቁጠር የጀመረ ሌላ ሰዓት አለ። ርዝመቱም ያው 72 ሰዓት ነው። ስለዚያኛው የጠየቀ የለም፤ ከባንኮኒው ጀርባም ያነሳው የለም።

ሁለተኛው ሰዓት የኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ በብልት ወይም በፊንጢጣ ስስ ሽፋን በኩል ወደ ሰውነት ሲገባ እዚያው በገባበት ቦታ ጥቂት ሕዋሳትን ይይዛል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ወዳሉት የንፍፊት ዕጢዎች ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው በደም አማካይነት መላ ሰውነትን የሚያዳርሰው። በእነዚህ ጥቂት ቀናት መካከል ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከደረሰለት ሥር ሳይሰድ ሊገታ ይችላል። ይህን ሕክምና የጤና ባለሙያዎች «ፔፕ» ይሉታል። ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ተዋሕደው የተዘጋጁበት ክኒን ሲሆን፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየዕለቱ የሚውጡትም እሱኑ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የተጀመረው ቆጠራ ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

በእርግጥ ይሠራል ወይ? ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለግማሹ መድኃኒቱን መንፈግ ሕሊና የሚቀበለው ጥናት ስላልሆነ ማስረጃው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት በሥራ ላይ በመርፌ የተወጉ የጤና ባለሙያዎችን አነጻጽሮ፣ ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው በ81 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አገኘ። ያ አንድ አሮጌ መድኃኒት ብቻውን ተወስዶ ነው። በጦጣዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ የመድኃኒቱ አጀማመር በዘገየ ቁጥር፣ እንዲሁም 28ቱ ቀን ሳይሞላ በተቋረጠ ቁጥር ጥቅሙ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

በኢትዮጵያ ፔፕ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በመርፌ ለተወጉ ነርሶችና ሐኪሞች፣ እንዲሁም ለተደፈሩ ሰዎች ነው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሰሉ ተቋማት ጥቃት የደረሰባት ሴት ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ድጋፉን ባንድ ቦታ የምታገኝባቸው ማዕከላት አሉ። በመጠጥ ራሷን ስታ ያልፈቀደችው ነገር የተፈጸመባት ሴትም የተደፈረች ናትና ቦታዋ እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ባወጣቸው መመሪያዎች በመርፌ፣ በጥቃት ወይም በፈቃድ የተጋለጠውን አይለይም። በሐምሌ 2024 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ፔፕ ከሆስፒታል ወጥቶ በማኅበረሰብ ደረጃ እንዲሰጥ፣ ፋርማሲስቶችም እንዲሰጡት መክሯል። ምክሩ እኛ ዘንድ በሙሉ ቢተገበር «መቼ ነው የሆነው?» የሚለው የፋርማሲ ጥያቄ ለሁለቱም ሰዓቶች ባገለገለ ነበር። እስከዚያው ግን የተጋለጠ ሰው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በራሱ እግር ሄዶ «ቅዳሜ ማታ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጌያለሁ፤ ፔፕ ያስፈልገኝ እንደሆነ ይዩልኝ» ማለት ይኖርበታል። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር እንዴት እንደሚከብድ የማያውቅ የለም። የቀረው ሰዓት ጥቂት መሆኑን ማወቅ ግን አፍን ይከፍታል።

አደጋው ምን ያህል ነው? የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከልዩ ልዩ ጥናቶች ያሰባሰበው ግምት እንዲህ ይላል፤ ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋር በብልት በኩል በሚደረግ 10,000 ግንኙነት ውስጥ ሴቷ የምትያዘው በ8ቱ፣ ወንዱ በ4ቱ ነው። በፊንጢጣ በኩል ሲሆን ተቀባዩ በ138ቱ፣ አድራጊው በ11ዱ ይያዛል። በአፍ የሚደረገው ከሁሉም በጣም ዝቅተኛው ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 ከመቶ መሆናቸውን አግኝቷል፤ በገጠር 0.4፣ በከተማ 2.9፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 3.4 ከመቶ። እንግዲህ የአንድ ሌሊት ግንኙነት ሰውን በኤችአይቪ የማስያዝ ዕድሉ ብዙዎች በድንጋጤ ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ነው። እንቅልፍ አጥቶ ላደረ ሰው ይህን መንገር ተገቢ ነው፤ እውነት ነውና።

ቁጥሩ ግን አማካይ ነው፤ ከአማካዩ ጀርባም የሚጨምሩና የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። ቫይረሱ ከያዘው ገና ሳምንታት የሆነው ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ነው፤ በምርመራ ግን ላይታይ ይችላል። «ተመርምሬ ነጻ ነኝ» ያለችው ሴት ወይም ያለው ወንድ ባይዋሹ እንኳ፣ የተመረመሩበት ቀንና የተጋለጡበት ቀን ተቀራርበው ይሆናል። በብልት ላይ ያለ ቁስል፣ ቂጥኝም ይሁን ሄርፐስ፣ ለቫይረሱ በር ይከፍታል። በተቃራኒው ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በአውሮፓ አንደኛው ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላኛው የሌለበት ጥንዶችን የተከታተለው «ፓርትነር» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ጥንዶቹ ያለ ኮንዶም ካደረጉት 58,000 ያህል ግንኙነት መካከል በጥንዶቹ መካከል የተላለፈ አንድም ቫይረስ አልተገኘም። ይህ እውነት ሰፈር ድረስ ቢደርስ፣ ክኒኑን በሰዓቱ የምትወስደው ጎረቤት የምትፈራበት ምክንያት እንደሌለ ሰው ሁሉ ባወቀ ነበር። የሚያሰጋው ምንነቱን ያላወቀውና መድኃኒት ያልጀመረው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚሰፋው። ስለ ድንገተኛ ግንኙነት ሲነሳ በኢትዮጵያ የሚነገረው አንድ ስም ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሀገሪቱ ኤችአይቪ በደም ናሙና የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት በየሰፈሩ ድንኳን የተተከለባቸው፣ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ የተገደዱባቸው ዓመታት ናቸው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። ስመ ጥር ድምፃውያን ተሰባስበው «ማለባበስ ይቅር»ን የዘፈኑትም ሰው በዝምታ ይሞት ስለነበር ነው። ያ ዘመቻ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ፍርሃቱን ሁሉ ባንድ በሽታ ላይ ስላከማቸው ሌሎቹ ከዓይን ራቁ። ዛሬ ብዙ ሰው «አባላዘር» ሲባል የሚያስበው ድሮ የቀረ የአባቶች በሽታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ ብቻ 374 ሚሊዮን አዲስ ሕመም አስከትለዋል፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። አራቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ አብዛኛው ደግሞ ያለ ምልክት የሚመጣ ነው። የመተላለፍ ኃይላቸውም ከኤችአይቪ ጋር አይነጻጸርም። በአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞች ላይ የተደረጉ የቆዩ ጥናቶች ጨብጥ ካለባት ሴት ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የተገናኘ ወንድ ከአምስት አንድ ያህል የመያዝ ዕድል እንዳለው አሳይተዋል። ከወንድ ወደ ሴት ሲሆን ዕድሉ ከዚህም ይበልጣል።

አመለካከታችን የት ላይ እንደቆመ የሚያሳየው የምርመራ ወረቀቱ ነው። ሊጋቡ የተዘጋጁ ጥንዶች በቤተ ክርስቲያን ወይም በቤተሰብ ሲጠየቁ ይዘው የሚቀርቡት የምርመራ ውጤት ብዙ ጊዜ የኤችአይቪ ብቻ ነው። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ኩዌት ለሥራ የምትሄድ ልጅ ግን በጉዞ ምርመራው ላይ ከኤችአይቪ ሌላ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ትመረመራለች። የጉበት ቫይረስ በደሟ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወረቀት ላይ «አላለፈችም» ሲባል የሰማች ሴት ጥቂት አይደለችም። አንዲት ወጣት ስለ ገዛ ጉበቷ የባዕድ ሀገር አሠሪ ስለጠየቀ ብቻ ማወቋ ሊያሳዝን ይገባል።

የፋርማሲው ወጣት «ጓደኛ» የያዘው ምናልባት ጨብጥ ነው። በወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይታወቃል፤ ሲሸና ያቃጥላል፣ ከብልት መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። በሴት ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት የለውም። ሲፕሮፍሎክሳሲን አንድ ጊዜ የጨብጥ መድኃኒት ነበር፤ ባክቴሪያው ስለተላመደው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው ለጨብጥ እንዳይታዘዝ አድርጓል። ዛሬ ዋናው መድኃኒት በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ነው። በግምት የተገዛ ክኒን የሚያደርሰው ጉዳት ድርብ ነው። ማቃጠሉን ለጊዜው ያበርደዋል፤ ባክቴሪያውን ግን ላይገድለው ይችላል። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ልመርመር ቢል ደግሞ መድኃኒቱ የምርመራውን ውጤት ያዛባበታል። ተረፍኩ ብሎ ወደ ፍቅረኛው ወይም ወደ ሚስቱ ይመለሳል።

አንዱ በሽታ ሌላውን ሊደብቅ እንደሚችል የሚያስተምር የቆየ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1767 ጨብጥ ከያዘው ሰው የወሰደውን ፈሳሽ ወደ ጤነኛ ብልት አስገባ። በራሱ ላይ ይሁን በሌላ ሰው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጨብጡም መጣ፣ ቂጥኙም ተከተለ፤ ሀንተር ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው ብሎ ደመደመ። ለካስ ፈሳሹን የሰጠው ሕመምተኛ ሁለቱንም ይዞ ነበር። ሀንተር ስሙ የገነነ ሐኪም ስለነበር ስሕተቱ ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆየ፤ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሪኮር ሁለቱን በማስረጃ የለየው በ1838 ነው። ዛሬም ጨብጡን ብቻ ታክሞ የሚሄድ ሰው አብሮ የገባውን ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል።

ቂጥኝ ለዚህ ዋነኛው ነው። ከተጋለጡ ከ10 እስከ 90 ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት፣ በገባበት ቦታ አንዲት ቁስል ታወጣለች። አታምም። ወንዱ ላያያት ይችላል፤ ሴቷ ደግሞ በማኅፀን በር ላይ ከሆነች ፈጽሞ አታውቃትም። በሳምንታት ውስጥ ራሷ ትድናለች፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ቀርቷል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መዳፍና የእግር መርገጫ ድረስ የሚወጣ ሽፍታ ይመጣል፤ አለርጂ ነው ተብሎ ይታለፋል። ቀጥሎ ዓመታት የሚፈጅ ዝምታ አለ፤ በመጨረሻ ልብን፣ አንጎልንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ጽንሱን ሊገድል ወይም ሊጎዳ ይችላል። የሚያስቆጨው መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው። በጊዜው ለተገኘ ቂጥኝ አንድ ቀን የሚሰጥ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ፣ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ይበቃዋል። ፔኒሲሊን ለቂጥኝ መሰጠት ከጀመረ 80 ዓመት ቢያልፈውም ተህዋሲው አልተላመደውም።

ክላሚዲያ የሀገር ቤት ስም እንኳ የለውም፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ራሱን አይገልጥም። ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከወንዶቹም ግማሽ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። ካልታከመ ግን ወደ ማኅፀንና ወደ ዘር ቱቦ ወጥቶ ጠባሳ ይጥላል። ከዓመታት በኋላ ትዳር ይዛ ልጅ ያጣች ሴት ጸበልም ሐኪም ቤትም ስትመላለስ መንስኤው ይሄ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል፣ ባል ሳይመረመር ይቀራል። በዶክሲሳይክሊን የሰባት ቀን ሕክምና ይድን ነበር።

ሄርፐስን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ስሙን አያውቀውም እንጂ። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውንና «ምች መታኝ» ተብሎ ዳማከሴ የሚታሽለትን ቁስል የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው የሄርፐስ ዓይነት ነው። ቁስሉ ከንፈር ላይ እያለ በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ሊዛመት ይችላል። ጨርሶ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ የሚያሳጥረውና የሚያስታግሰው ግን አለ። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪም እንዲሁ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ ኮንዶም በከፊል ብቻ ይከላከለዋል። ኢትዮጵያ የኤችፒቪን ክትባት ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸው ያለፈ ሴቶች ተስፋቸው የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ በግንኙነት ከኤችአይቪ ይበልጥ በቀላሉ ይተላለፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ትንተና 7 ከመቶ ያህል ሰው ቫይረሱን እንደሚሸከም ገምቷል። ክትባቱ በሀገሪቱ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ጎልማሳ ራሱ ፈልጎ ካልተከተበ በስተቀር የክትባቱ መከላከያ የለውም። ክትባቱ ከግንኙነት በኋላም ይጠቅማል። ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደ ሰው ቫይረሱን ሊቀድመው ይችላል። ይህም ሰው የማያውቀው ሦስተኛ ሰዓት ነው።

ታዲያ ምርመራው መቼ ይሁን? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ጣቱን ተወግቶ «ነጻ ነህ» የተባለ ሰው የተነገረው ከቅዳሜ በፊት ስለነበረው ሕይወቱ ነው። የጣት ደም ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ እስኪመረት ሳምንታት ያልፋሉ። አማካሪዎች ይህን ክፍተት «ዊንዶው ፔሬድ» ይሉታል። በጣት ደምም ሆነ በአፍ ፈሳሽ የሚሠራው ራስን በራስ መመርመሪያ ሙሉ እምነት የሚጣልበት ከ90 ቀን በኋላ ነው። ከክንድ በተወሰደ ደም በላቦራቶሪ የሚሠራውና ቫይረሱንም ፀረ እንግዳ አካሉንም አብሮ የሚፈልገው ምርመራ ግን ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኘዋል፤ በአንዳንድ የግል ላቦራቶሪዎችም ይሠራል። ያም ሆኖ የሰኞው ምርመራ ከንቱ አይደለም። ፔፕ ሲጀመር ይደረጋል፤ ለኋላው ንጽጽርም መነሻ ይሆናል። ፔፕ የወሰደ ሰው የቆጠራውን ቀን ከሐኪሙ ይቀበል፤ መድኃኒቱ ነገሩን ሊያዘገየው ይችላልና።

ጨብጥና ክላሚዲያ ምልክት ከሌላቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መመርመር ይበጃል። ለቂጥኝ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ወር ሌላ ጊዜ ደም መስጠት ተገቢ ነው። በየክሊኒኩ «ቪዲአርኤል» ተብሎ የሚታዘዘው ምርመራ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ምክንያትም፣ ለምሳሌ በእርግዝና ወይም በወባ፣ ቂጥኝ ሳይኖር «አለ» ሊል ስለሚችል በሁለተኛ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ቪዲአርኤሉ «ፖዘቲቭ» ተባለ ተብሎ ትዳር ሲፈርስ የሚታይበት ሀገር ነውና ይህን መናገር ያስፈልጋል።

በእነዚህ ሳምንታት መካከል የሚመጣ ትኩሳት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ኤችአይቪ አዲስ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና የንፍፊት ማበጥ ይታይበታል። በከተማችን ትኩሳት ይዞ ክሊኒክ የገባ ሰው ግን «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ የሚሠራለት የዊዳል ምርመራም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሐኪሙ ሊያስብ የሚችለው የሰማውን ነው። «ከሦስት ሳምንት በፊት ተጋልጬ ነበር» የምትለዋ አንዲት ዐረፍተ ነገር ምርመራውን ሁሉ ትቀይረዋለች።

በሌላ በኩል «ደም ልለግስና በዚያው ልወቀው» የሚል ሰው አለ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የደም ባንክ የተለገሰውን ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ይመረምራል፤ ዊንዶው ፔሬዱ ግን ለደም ባንክም ዊንዶው ፔሬድ ነው። ደሙን የምትቀበለው በወሊድ ላይ ደም የፈሰሳት እናት ልትሆን ትችላለች።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአባላዘር ሕክምና በአብዛኛው በምልክት ላይ የተመሠረተ ነው። ፈሳሽ ያለው ወንድ ለጨብጥም ለክላሚዲያም ባንድ ጊዜ ይታከማል፤ ቁስል ያለው ለቂጥኝ፣ እንደ ሁኔታውም ለከርክርና ለሄርፐስ። የላቦራቶሪ እጥረት ባለበት ሀገር ይህ አሠራር ብዙዎችን አድኗል፤ ሕመምተኛውን «ውጤትህን ከሳምንት በኋላ ውሰድ» ብሎ ሳይመልስ በዚያው ቀን ያክመዋል። ነገር ግን ምልክት የሌለውን አያይም፤ ምልክት የማይታይባቸው ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው። በወንድ ፈሳሽ ላይ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የጨብጥ ምርመራ አስተማማኝ ሲሆን በሴት ላይ ብዙ ያመልጠዋል። በሞለኪውል ደረጃ የሚሠራው የተሻለው ምርመራ በዋጋውም በስርጭቱም ገና ለብዙኃኑ አልደረሰም። ገንዘብ መዋል ያለበት እዚህ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ አቋምም ይኸው ነው። ሴቲቱ ቱቦዋ ከተዘጋ በኋላ የሚወጣው ወጪ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

አንዳንዱ «ሳልታመም ቀድሜ ዶክሲሳይክሊን ብውጥስ?» ይላል። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ከወንድ ጋር ግንኙነት በሚያደርጉ ወንዶች ላይ በአሜሪካና በፈረንሳይ ተሞክሮ ቂጥኝንና ክላሚዲያን በጉልህ ቀንሷል። በኬንያዋ ኪሱሙ 449 ወጣት ሴቶች ላይ ሲሞከር ግን ለውጥ አላመጣም። ተመራማሪዎቹ የሴቶቹን ፀጉር ሲመረምሩ አብዛኞቹ መድኃኒቱን እንዳልወሰዱ ተረዱ። መድኃኒቱ በሴት ላይ አይሠራም ማለት ላይሆን ይችላል፤ በእጅ ያለን ክኒን እንዳይዋጥ የሚያደርግ ብዙ ነገር በሴቶች ሕይወት ውስጥ እንዳለ ግን ያሳያል።

ኮንዶም ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ መልስ ነው። ሕይወት ትረስትም ሴንሴሽንም በየሱቁ አሉ። ሁለት ደርቦ መልበስ መቀደድን ያባብሳል፤ ቫዝሊንና ሌላ ቅባት ላስቲኩን ያሳሳዋል። የተቀደደ ወይም የወለቀ ኮንዶም እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ 72ቱ ሰዓት ከዚያች ደቂቃ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት የስልክ ጥሪው ነው። የሰውየው ምርመራ ጨብጥ ወይም ቂጥኝ ካሳየ ባለፉት ሳምንታት አብራው የነበረች ሴት ሁሉ፣ ምልክት ቢኖራትም ባይኖራትም፣ መታከም አለባት። ጤና ጣቢያዎች ለዚህ የጥሪ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ይዛው የመጣች ሴት «ማን ላከሽ?» ሳትባል ልትታከም ይገባታል። ወረቀቱን ለመስጠት የሚያፍር ሰው በመልእክት ሊያሳውቅ ይችላል፤ «ምርመራ አድርጌ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ተገኝቶብኛል፤ አንቺም ታዪ፤ ይድናል» የሚል ሦስት መስመር ይበቃል። ከማን እንደመጣ መከራከር ምንም አያተርፍም፤ ምልክት በሌለው በሽታ ማን ለማን እንዳስተላለፈ በብዙ አጋጣሚ ሐኪሙም ማወቅ አይችልም። ሁለቱም ሕክምናውን ከጀመሩ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን፣ ምልክቱም እስኪጠፋ ድረስ ከግንኙነት መቆጠብ አለባቸው። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፤ ጨብጥና ክላሚዲያ ታክመው የዳኑ ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንዲመረመሩ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ያ ቀን ለኤችአይቪ ከሚጠበቀው 90ኛ ቀን ጋር ስለሚቀራረብ ሁሉንም ምርመራ፣ የቂጥኙንም ጨምሮ፣ በአንድ ቀጠሮ መጨረስ ይቻላል።